አቢ ሆፍማን፦ በበተነው ዶላር ይታወስ ወይስ በጠበቀው ወንዝ?

መክፈቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ታሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሐምሌ ከቤተሰብ ጋር ወደ ኒውዮርክ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ሄደን ነበር። የሴንት ሎውረንስ ወንዝ አሜሪካንና ካናዳን የሚለይበት ቦታ ነው። ታውዛንድ አይላንድስ ይሉታል፣ ሺህ ደሴቶች ማለት ነው። ክሌይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ሴቭ ዘ ሪቨር የሚል የድርጅት ጽሕፈት ቤት አየሁ። ወንዙን አድኑ እንደማለት። እንዴት እንደተጀመረ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በ1978 ሰዉን ካስተባበሩት አንዱ ባሪ ፍሪድ የሚባል ጎረቤት ነበር። ባሪ ፍሪድ የሚባል ሰው ግን ጭራሽ አልነበረም። ሰውዬው አቢ ሆፍማን ነው። ፖሊስ ይፈልገዋል። ፊቱን በቀዶ ሕክምና አስቀይሯል።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አቢ በ1936 ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ዉስተር ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጠና። በ60ዎቹ አጋማሽ ለጥቁሮች መብት ሚሲሲፒ ድረስ ወርዶ ሠራ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ገባ። ኦገስት 24 ቀን 1967 ከጓደኞቹ ጋር የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ የጎብኚዎች ሰገነት ላይ ወጥቶ፣ ታች ለሚገበያዩት ሰዎች የዶላር ኖት በተነባቸው። ገሚሱ ተሳደበ፣ ገሚሱ ተሻማ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፔንታገንን በጸሎትና በዘፈን ከመሬት እናነሳዋለን ብለው ከፀረ ጦርነት ሰልፈኛው ጋር ሄዱ። በ1968 እሱና ጄሪ ሩቢን ዪፒ የሚባለውን ቡድን ይዘው ዴሞክራቶች ጉባኤ በተቀመጡበት ቺካጎ ገቡ፣ ፒጋሰስ የተባለ አሳማም ለፕሬዚዳንትነት አጩ። ከዚያ የፖሊስ ዱላ መጣ፣ ክስ መጣ፣ ወራት የፈጀ ችሎት መጣ። በ1973 ኮኬይን ሲሸጥ ተገኘ ተብሎ ተያዘ፣ በዋስ ወጣና በ1974 ጠፋ።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ዶላሩም አሳማውም ለወሬ የሚመቹ ነገሮች ናቸው፣ ግን ያመጡት ለውጥ አይታየኝም። የቬትናም ጦርነት እስከ 1975 ቀጥሏል። በ1968 የተመረጠው ኒክሰን ነው። ወንዙ ግን ይኸው፣ ልጆቼ ዋኝተውበታል። ስለዚህ ሰውዬው መታወስ ያለበት በባሪ ፍሪድ ነው እላለሁ። እናንተስ?

በአራት ቀን 21 መልስ መጣ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ተራ በተራ ላስቀምጥ።

መልስ 1

የሲያትል ሰው ነው። ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ነበር። ከኔ ጋር ተስማማ፣ እኔ ያለፍኩትንም ሞላልኝ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የፈለጉት በበረዶው ወራት በረዶውን እየሰበሩ ወንዙን ለመርከብ ክፍት ማድረግ ነበር። ስሙት ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል። በረዶው ግን ካልነኩት የተኛ ነው። ከተሰበረ ይሄዳል፣ ሲሄድ ዳርቻውን ይፍቃል፣ የጀልባ ማቆሚያውን ይነቅላል፣ ዓሣ የሚራባበትን ውሃ ያምሳል። ንስሮች ብርዱን የሚያሳልፉትም እዚያው ነው። የአካባቢው ሰው የተነሳው ነገሩ የራሱ ደጃፍ ላይ ስለመጣበት እንጂ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚል ትምህርት ስለሰማ እንዳልሆነ አጥብቆ ጻፈ።

መልስ 2

አንዲት እህት በትሕትና አረመችኝ። ጆሃና ላውረንሰን የሚለውን ስም፣ የአቢን የሕይወት አጋር፣ ለምን ዘለልከው አለች። ደሴቱ ላይ የቆየ የቤተሰብ ቤት የነበራት እሷ ናት። አቢ ለዚያ አገር እንግዳ ነው፣ በሷ በኩል ነው የገባው። የተደበቀውን ሰው ስም ሁሉም ያውቃል፣ የደበቀችውን ሴት ስም ግን ማንም አያነሳም ብላ ጨረሰች። ልክ ናት። ድርጅቱንም አብረው ነው ያቆሙት።

መልስ 3

አጭር ነበር። ሰውየውን የሚያውቀው ስለ ቺካጎው ችሎት በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣው ፊልም ብቻ እንደሆነ ጻፈ፣ መጨረሻው እንዳስለቀሰውም ነገረን። ፊልሙ ሲያልቅ በጦርነቱ የሞቱት ስም ይነበባል። በእውነቱ ችሎት ግን በፍርዱ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ከተከሳሾቹ አንዱ ዴቪድ ዴሊንጀር ስም ለማንበብ የሞከረው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

መልስ 4

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። ጸሐፊው አትላንታ የሚኖር ጠበቃ ነው። በጨዋ ቃል ጀመረ፣ መጨረሻው ላይ ግን ብዕሩ ይቆጣል።

ክሱ ሲጀመር ተከሳሾቹ ስምንት ነበሩ። ስምንተኛው ቦቢ ሲል ነው፣ ብላክ ፓንተር ከሚባለው የጥቁሮች ፓርቲ መሥራቾች አንዱ። ቺካጎ የቆየው በጣም ለአጭር ጊዜ ነበር፣ ንግግር አድርጎ ሄደ። ጠበቃው ቻርልስ ጋሪ ቀዶ ሕክምና ስለነበረበት ችሎቱ ይዘግይልኝ አለ። ዳኛው ጁሊየስ ሆፍማን እምቢ አለ። እንግዲያው ራሴ ልከራከር አለ ቦቢ። አሁንም እምቢ። ቦቢ ሲል መብቴ ነው እያለ ከመቀመጫው መነሳቱን አላቆመም። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከወንበር ጋር አስረው፣ አፉን በጨርቅ አፍነው ችሎት አስቀመጡት። አሜሪካ ውስጥ። ዳኛ ፊት። ለቀናት። ኖቬምበር 5 ላይ ክሱን ለይተው፣ ችሎት በመድፈር 4 ዓመት ፈረዱበት።

የአትላንታው ጠበቃ የጠየቀን ይህንን ነው፦ በዚያው አዳራሽ አቢ ዳኛውን በስሙ እየጠራ ያሾፍበት ነበር፣ አንድ ቀን እሱና ሩቢን የዳኛ ካባ ለብሰው ገቡ። ካቴና አልገባላቸውም። ማሾፍ የሚችለው ነጭ ብቻ ከሆነ ያ ቀልድ የማን ነው? ሌላም ጨመረ። የተከሰሱበት ሕግ፣ ሁከት ለመቀስቀስ ከግዛት ግዛት መሻገርን የሚከለክለው፣ የ1968ቱ የሲቪል መብት ሕግ ውስጥ ተሰክቶ የወጣ ነው። ለጥቁሮች መብት በወጣ ሕግ ሆድ ውስጥ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መክፈቻዬን መልሼ አየሁት። የቦቢ ሲል ስም የለበትም። አፈርኩ።

መልስ 5

ለ4ኛው የመጣ መልስ ነው፣ ትንሽ ሻከር ያለ። ቦቢ ሲል በወንበር ሲታሰር ሌሎቹ ተከሳሾች ዝም ብለው አልተቀመጡም፣ ተነስተው ጮኸዋል፣ የተከሳሾቹ ጠበቃ ዊልያም ከንስትለር በዳኛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጓል፣ በኋላም ራሱ ችሎት በመድፈር ተፈርዶበታል ይላል። ሰባቱም በማሴር ከተከሰሱበት ነጻ ወጡ፣ አምስቱ ሁከት ለመቀስቀስ በሚለው 5 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ1972 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ጸሐፊው እንደሚያምነው ዓለም የቦቢ ሲልን መታሰር በዓይነ ኅሊናው ያየው ያ ችሎት በቀልዱ ምክንያት በየቀኑ ጋዜጣ ላይ ስለነበር ነው። የአትላንታውን ጠበቃ ጥያቄ ግን አልመለሰውም። እኔም መልስ የለኝም።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው ሁለት መስመር ነው። ኮኬይን ሻጭ እያሞገሳችሁ ነው፣ ልጆቻችን ያነባሉ፣ እፈሩ። ሰባተኛው ተቆጥቶ መለሰ፣ አቢ ወጥመድ ነው የተዘረጋብኝ ይል እንደነበር እያስረዳ። እኔ እዚህ ላይ ነገር ማሳመር አልወድም። በ1980 እጁን ከሰጠ በኋላ ዝቅ ባለ ክስ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል፣ የአንድ ዓመት ፍርድ ተፈርዶበት ከፊሉን ታስሯል። ይሄም የሕይወቱ አካል ነው።

መልስ 8

አንዲት እናት ናት የጻፈችው፣ ሚኒሶታ ትኖራለች። ከሁሉም መልስ ይሄኛው ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው።

በ1971 አቢና ሚስቱ አኒታ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ ስሙን አሜሪካ አሉት፣ በትንሹ ፊደል የሚጻፍ አሜሪካ። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ጠፋ። አኒታ በመንግሥት ድጎማ እየኖረች ብቻዋን አሳደገችው። ባልና ሚስቱ በድብቅ ይጻጻፉ ነበር፣ ደብዳቤዎቹ በ1976 መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። እኔ በመክፈቻው ላይ ስም መቀየሩን እንደ ጀብዱ ነበር የጻፍኩት። እሷ ይህን አልወደደችውም።

የራሷን ነገረችን። አዲስ አበባ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አባቷ ስሙን ቀይሮ ሌላ ሰፈር ተከራየ። እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አልፎ አልፎ ማታ ይመጣል። ጎረቤት ካለ አጎቴ በይው ተብላ ነበር። አንድ ቀን ተሳስታ አባዬ አለችው፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አልመጣም። በኔ ምክንያት ነው የቀረው ብላ አድጋለች። አባቷ ተረፈ፣ ስለዚያ ቀን ግን አንዴም አንስተው አያውቁም። የሰው ስም መቀየር ማለት ለልጁ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አትጻፍ አለችኝ። ቃሉ ጠንካራ ነበር፣ ግን ስድብ አልነበረበትም። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እዚህም እደግመዋለሁ።

ከመልስ 9 እስከ 11

ሦስቱም ስለ ሽፋን ስም ነበሩ። ሰው ሁሉ የአጎቱን፣ የአክስቱን፣ የቤት አከራዩን አነሳ። ኢሕአፓና መኢሶን ተነሱ፣ አሮጌው ክርክር ሊቀጣጠል ሲል አስተዳዳሪው ገብቶ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ለመነን። ደግ አደረገ።

መልስ 12

እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት በላይ ነው፣ ስማቸው ይቅር። በ1967 ለትምህርት አሜሪካ መጥተው፣ ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩልኝ።

ያኔ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንደ አቢ ያሉትን በጥሩ ዓይን እንዳላዩአቸው ነገሩን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ነበር፣ ቻሌንጅ የሚባል መጽሔት ያወጣል፣ ማታ ማታ የጥናት ክበብ አለ። መሬት ለአራሹ ነው ጥያቄው። ጸጉር ማስረዘም፣ ሀሺሽ፣ አሳማ ይዞ ሰልፍ መውጣት፣ ይሄ ሁሉ የጠገበ ልጅ ጨዋታ ነው የመሰላቸው። አገራቸው ላይ ገበሬው የምርቱን ግማሽ ለባለመሬት ይሰጣል፣ እዚህ የሐኪምና የጠበቃ ልጅ ገንዘብ ይበትናል። ብሩ ሲበተን ሰምተው በጣም እንደተናደዱ አይደብቁም።

ከዚያ አንድ ቀን አስታወሱን። መጋቢት 21 ቀን 1960 በኛ፣ በፈረንጅ ማርች 30 ቀን 1968። ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ሚኒስከርት ነበር። ተማሪው የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብሎ ተነሳ፣ ረበሻ ሆነ፣ ፖሊስ ገባ፣ ተማሪ ታሰረ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አቢና ጓደኞቹ ቺካጎ ውስጥ በአለባበሳቸውና በጸጉራቸው መንግሥትን እያበሸቁ ነበር። አንድ ዘመን፣ ሁለቱም ጦርነትና ጭቆናን የሚቃወም፣ ቺካጎ ልብሱ የትግል መሣሪያ ነው፣ ስድስት ኪሎ ልብሱ ጠላት ነው። ጋሼ ይህን ያኔ እንዳላስተዋሉት፣ ያስተዋሉት ጡረታ ከወጡ በኋላ እንደሆነ ጻፉ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በፊት አንብቤ ነበር፣ ከቺካጎ ጋር አያይዤ ግን አስቤው አላውቅም።

መልስ 13

የዲሲ ልጅ ናት፣ ምንም አላለሰለሰችም። በዚያ ቀን እንቁላል የተወረወረባቸውና በጥፊ የተመቱት ማን ናቸው ብላ ጠየቀች። ትርዒቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ሴቶችም አሉባቸው። ነጻነት የሚፈልግ ተማሪ የሴት ቀሚስ ርዝመት ላይ ከዘመተ፣ አቢ ሺህ ጊዜ ይሻላል፣ ቢያንስ የበተነው የራሱን ዶላር ነው አለች። ለጋሼ እንዲህ ዓይነት ቃል መጠቀሟ አንዳንዶችን አስቆጣ። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ።

መልስ 14

ጋሼ አልተቆጡም። ልክ ነሽ ልጄ ብለው ተቀበሏት። በተቃውሞው ሴት ተማሪዎችም እንደነበሩበት አስታወሱ፣ ግን ይህን እንደ ማስተባበያ አላቀረቡትም። የሚቆጫቸው ሌላ ነገር እንዳለ ነገሩን። በጥናት ክበባቸው ውስጥ የሚስቅ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። አንድ ጓደኛቸው በስብሰባ ላይ የሊቀመንበሩን አነጋገር አስመስሎ ስላሳቀ ሂስህን ዋጥ ተብሎ ሁለት ሰዓት ተገመገመ። ያ ልጅ በኋላ አገር ቤት ገባ፣ አልተመለሰም። ስሙን አልጻፉም።

መልስ 15 እና 16

አንዱ አቢን ከአለቃ ገብረ ሃና ጋር አመሳሰለው። ባለሥልጣንን በቀልድ መንካት የኛም ወግ ነው ለማለት። ሌላው ወዲያው ተቃወመ፦ አለቃ የሚነኩት ሰውየውን ነው፣ ወንበሩን አይደለም፣ አቢ ደግሞ ወንበሩን ራሱን መንቀል ነበር የፈለገው። ጥሩ ክርክር ይወጣው ነበር፣ ግን እዚያው ቆመ።

መልስ 17

የኔን አቋም ያናጋው ይሄኛው ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። አክሲዮን ገበያው ውስጥ ካሜራ ማስገባት ክልክል እንደነበር ታውቃለህ ወይ አለኝ። አላውቅም ነበር። ስለዚህ ብሩ ሲበተን የሚያሳይ ፊልም የለም። ስንት ብር እንደሆነም ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚናገረው። ሰው ሁሉ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ሣለው፣ ለዚህ ነው ይኸው እስከ ዛሬ የምናወራው። ገበያው ደግሞ በኋላ ሰገነቱን በመስታወት አጠረው። ጥቂት ዶላር ያን ትልቅ ተቋም መስታወት አስገጠመው።

ከዚያ ወንዙን አነሳ። በዚያ ሩቅ አገር ያሉ ጥቂት ሺህ ሰዎች የጦር ሠራዊቱን ዕቅድ እንዴት አስቆሙት? ባሪ ፍሪድ ሰው ይሰበስባል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል፣ ማን መቼ መናገር እንዳለበት ያውቃል። ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን በ1979 ለሕዝብ ስብሰባ እዚያው ድረስ መጥተው ነበር፣ የሚያመሰግኑት ሰው ፖሊስ የሚፈልገው አቢ ሆፍማን መሆኑን ሳያውቁ ባሪ ፍሪድን በሰው ፊት አመሰገኑት። ራሱን ሲያጋልጥ እንኳ ዝም ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አልሄደም። በመጀመሪያ ጋዜጠኛዋ ባርባራ ዋልተርስ በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ አደረገችለት፣ ከዚያ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1980 እጁን ሰጠ። የአክሲዮን ገበያው ልጅና የወንዙ ጎረቤት አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት፣ አንተ ግን ሁለት ሰው አደረግካቸው አለኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ወንዙን ለማዳን የጠቀመው ሙያ ሰገነቱ ላይ የተማረው መሆኑን ተቀብያለሁ። ስለ ቬትናም ያልኩትን ግን አልተውም።

መልስ 18

ነርስ ናት፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ማንም ያልነካውን ነካች። አቢ ኤፕሪል 12 ቀን 1989 ፔንስልቬንያ ውስጥ በመኖሪያው ሞቶ ተገኘ፣ 52 ዓመቱ ነበር። ራሱን እንዳጠፋ ነው የተመዘገበው። ከ1980 ጀምሮ ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ያውቅ ነበር።

እህታችን የጻፈችው ስለ በሽታው ነው። ከፍ ሲል እንቅልፍ የለም፣ ሐሳቡ ይሮጣል፣ ሰው ያስቃል፣ ዓለምን የሚለውጥ ይመስለዋል፣ አንዳንዴም ይለውጣል። ዝቅ ሲል ከአልጋ መነሳት ተራራ መግፋት ነው። ሰው ከፍ ያለውን ጊዜ ያጨበጭብለታል፣ ዝቅ ያለውን ማንም አያየውም። ግን ብርታቱን ሁሉ ለበሽታው አትስጡ፣ ያ ስድብ ነው ብላ አስጠነቀቀች።

በኛ ሰው ዘንድ ይህ በሽታ እንዴት እንደሚደበቅም ነገረችን። ስታክማቸው ከነበሩት አንዱ ሐበሻ ለቤተሰቡ የሌሊት ሥራ ገባሁ እያለ ነበር ሆስፒታል የሚተኛው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ አለች። አሜሪካ ያላችሁ 988 ብትደውሉ ቀንም ማታም የሚያነጋግር ሰው አለ። ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው እዚህ የደገምኩት።

መልስ 19 እና 20

አስራ ዘጠነኛው መንግሥት ነው የገደለው አለ። ኤፍቢአይ በአቢ ላይ ከ13,000 ገጽ በላይ ፋይል ነበረው፣ ይህ እውነት ነው። ሃያኛው በንዴት መለሰ። የብላክ ፓንተሩን መሪ ፍሬድ ሃምፕተንን ፖሊስ ዲሴምበር 4 ቀን 1969 እዚያው ቺካጎ፣ ይህ ችሎት እየተካሄደ ሳለ፣ ሌሊት ቤቱ ገብቶ ተኩሶ ገድሎታል፣ እሱ የተረጋገጠ ነው፣ የተረጋገጠውን ከጥርጣሬ ጋር ስትቀላቅሉት የተረጋገጠውም ተረት ይመስላል አለው። ስድብ ተለዋወጡ፣ ከፊሉ ተሰርዟል። ከጓደኞቹ መካከልም ራሱን አጠፋ መባሉን ያልተቀበሉ ነበሩ፣ ዴቪድ ዴሊንጀር አንዱ ነው። ከነርሷ መልስ በኋላ ይህን ክርክር ማንበብ ከበደኝ።

በዚሁ መሐል ሃያኛው አንድ ቁም ነገር ጣል አደረገ። ጄሪ ሩቢን በ80ዎቹ ዎል ስትሪት ገባ፣ ነጋዴ ሆነ፣ ከአቢ ጋርም በየዩኒቨርሲቲው እየዞሩ መድረክ ላይ ይከራከሩ ነበር። አቢ ግን በ1986 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ ሲአይኤ ተማሪ መመልመሉን ከሚቃወሙ ልጆች ጋር ታሰረ፣ ከፕሬዚዳንት ካርተር ልጅ ከኤሚ ጋር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ቤት ሲቃጠል በር ሰብሮ ገብቶ ሰው ያወጣ በር ሰባሪ ተብሎ አይከሰስም። ከአካባቢው ሕዝብ የተመረጡት ዳኞች በኤፕሪል 1987 ሁሉንም ነጻ ለቀቋቸው። ይህን እንኳን ጨመረ እላለሁ። በመክፈቻዬ ወንዙን የሱ የመጨረሻ ሥራ አስመስዬው ነበር።

መልስ 21

የሚኒሶታዋ እናት ተመልሳ መጣች። ለጥያቄዬ መልስ እንዳልሰጠች አስታውሳ ነው።

አባቷ ያረፉት ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ አዲስ አበባ። ለቀብር ሄዳ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ለቀስተኛ እንደነበረ ጻፈች። ዘመዱ በእናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም ያለቅሳል። ከዚያ ከድሮው ሰፈር፣ ተደብቀው ከኖሩበት፣ አምስት ስድስት አሮጊቶች መጡና በሽፋን ስማቸው እየጠሩ ደረት መምታት ጀመሩ። ሌላ ስም አያውቁላቸውም። ዘመዶቹ የተሳሳተ ለቅሶ የመጡ መስሏቸው ሊያስወጧቸው ተነሱ። እሷ ናት ያስቆመቻቸው። አሮጊቶቹን ከእናቷ አጠገብ አስቀመጠቻቸው፣ ያኔ ፍተሻ ሲመጣ አባቷን እህል ጎተራ ውስጥ የደበቁት ከአሮጊቶቹ አንዷ እንደሆኑም የዚያን ዕለት ሰማች።

ጋሼም ይህን አንብበው የአባቷን የሽፋን ስም በግል እንድትልክላቸው ጠየቋት። ልካላቸዋለች። ቅዳሜ ይደዋወላሉ።